ዊልያም ጀስቲን ክሮል

ዊልያም ጀስቲን ክሮል (ኖቬምበር 24 ቀን 1889 – ማርች 30 ቀን 1973 እ.ኤ.አ.) የሉክሰምቡርግ ተወላጅ የብረታ ብረት ሊቅ ነበሩ። ታይታኒየም ዛሬም በአብዛኛው የሚመረተው እሳቸው ባገኙት «የክሮል ዘዴ» ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተወለዱት በብረት ሥራዋ በምትታወቀው በኤሽ ሱር አልዜት ከተማ ነው። በበርሊን ቻርሎተንቡርግ የብረታ ብረት ትምህርት ተከታትለው በጀርመን፣ በኦስትሪያና በሃንጋሪ ከሠሩ በኋላ በ1923 ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በሉክሰምቡርግ ከተማም በመኖሪያ ቤታቸው ውስጥ የግል ቤተ ሙከራ አቋቋሙ።

ታይታኒየም በምድር ቅርፊት ውስጥ በብዛት ይገኛል። አስቸጋሪው ነገር ማውጣቱ ነበር፤ ሲግል ከአየር ኦክስጅንና ናይትሮጅን ስለሚስብ በቀላሉ የሚሰበር ይሆናል። አሜሪካዊው ማቲው ሀንተር በ1910 በሶዲየም አማካይነት ንጹሕ ታይታኒየም ቢያገኝም ዘዴው ለሰፊ ምርት አልበቃም። ክሮል መጀመሪያ በካልሲየም ሞከሩ፤ ቆይተው ወደ ማግኒዚየም ዞሩ። በእሳቸው ዘዴ ማዕድኑ በክሎሪን አማካይነት ወደ ፈሳሽ ቴትራክሎራይድ ይለወጣል። ቀጥሎም አየር በማይገባበት ዕቃ፣ በአርጎን ጋዝ ውስጥ፣ ከ800 እስከ 1000 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት ከቀለጠ ማግኒዚየም ጋር ይገናኛል። ማግኒዚየሙ ክሎሪኑን ይነጥቀዋል፤ እንደ ስፖንጅ የተበሳሳ ታይታኒየም ይቀራል።

በ1938 ናሙናቸውን ይዘው ወደ አሜሪካ ቢሄዱም የሚቀበላቸው ኩባንያ አላገኙም። ጀርመን ሉክሰምቡርግን በወረረችበት በ1940 መጀመሪያ ላይ ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። የፈጠራ መብታቸው የተመዘገበው በዚያው ዓመት ነበር፤ ሆኖም በጦርነቱ ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት እንደ ጠላት ንብረት ወረሰባቸው። ከጠላት የሸሸ ሰው መሆናቸው አላዳናቸውም። ያም ሆኖ ለዚያው መንግሥት የማዕድን ቢሮ፣ በኦሪገን ግዛት አልባኒ ከተማ፣ ዚርኮኒየምን በተመሳሳይ መንገድ የማምረቱን ሥራ መሩ። ይህ ብረት ለመጀመሪያው የኒውክሌር ሰርጓጅ መርከብ፣ ለናውቲለስ፣ አስፈልጎ ነበር። ዱፖንት ኩባንያ ደግሞ በ1948 ታይታኒየምን ለገበያ ማምረት ጀመረ።

ክሮል ታይታኒየምን ከሌሎች ብረቶች ጋር በመቀየጥም ቀዳሚ ነበሩ፤ ሊቀጠቀጡ ስለሚችሉ ቅይጦች ያደረጉት ጥናት በ1937 ታትሟል። ንጹሕ ታይታኒየም ቀላል ቢሆንም ሲሞቅ ጥንካሬው በፍጥነት ይቀንሳል። ለጄት ሞተር የሚሆነው ከአሉሚኒየምና ከመሳሰሉት ጋር ሲቀየጥ ነው። ቅይጡም ቢሆን ከ600 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ እምብዛም አይዘልቅም። ስለዚህ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች እንደ ሲሊከን ካርባይድ ባሉ ጭረቶች ሊያጠነክሩት ሞክረዋል፤ ጭረቱ ሸክሙን ሲሸከም ታይታኒየሙ አንድ ላይ ይይዘዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2012 ጀምሮ የሚያበረው ቦይንግ 787 ከክብደቱ 15 በመቶ ያህሉ ታይታኒየም ነው።

ክሮል በ1961 ወደ አውሮፓ ተመልሰው በብራስልስ ኖሩ፤ ያረፉትም እዚያው ነው። በተናዘዙት ገንዘብ በ1974 በኮሎራዶ የማዕድን ትምህርት ቤት በስማቸው የምርምር ተቋም ተከፍቷል።