የዞረሬው ቤት፤ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ወላጆች



በየዓመቱ ነሐሴ 24 ቀን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ዕረፍት ስናስብ ብዙውን ጊዜ የምናነሣው ጸሎታቸውን፣ ስብከታቸውንና የደብረ ሊባኖስን ገዳም ነው። እኒህን ጻድቅ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ሳትሆን የግዕዝን ሥርዓት የምትከተለው የኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያንም ታከብራቸዋለች። በዚህ ጽሑፍ ግን ከገዳሙ በፊት የነበረውን ቤት፣ ማለትም የወላጆቻቸውን ቤት ልንመለከት እንወዳለን።

አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ዓመት፣ ከአዳማ በስተሰሜን በሚገኘው የቡልጋ ምድር፣ ጽላልሽ ዞረሬ በተባለው ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው ካህኑ ጸጋ ዘአብ፣ እናታቸው እግዚእ ኀረያ ይባላሉ። ገድላቸው እንደሚተርከው ባልና ሚስቱ ለብዙ ዘመን ልጅ አላገኙም ነበር። ኀዘናቸው ግን እጃቸውን አላጠፈውም፤ ሀብታቸውን ለድሆች አካፈሉ፣ ባሮቻቸውን ነጻ አወጡ፣ ወር በገባ በ12 ቀን የቅዱስ ሚካኤልን መታሰቢያ እያደረጉ የተራቡትን ያበሉ ነበር።

በዚያ ዘመን የዳሞቱ ንጉሥ ሞተለሚ ሸዋን ወረረ። ጸጋ ዘአብ ከአሳዳጆቻቸው ሸሽተው ውኃ ውስጥ ገብተው ተረፉ። እግዚእ ኀረያ ግን ተማርከው ወደ ዳሞት ተወሰዱ፤ ንጉሡም ሚስቱ ሊያደርጋቸው አሰበ። በቅዱስ ሚካኤል ረዳትነት ከምርኮ ወጥተው ወደ ባላቸው እንደ ተመለሱ ገድሉ ይናገራል። ከዚህ ሁሉ መከራ በኋላ ታኅሣሥ 24 ቀን ወንድ ልጅ ወለዱ፤ ስሙንም ፍሥሐ ጽዮን አሉት።

ሕፃኑ ገና ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው ረኃብ ሆነ። እናቲቱ ያዘኑት ለራሳቸው ብቻ ሳይሆን የመልአኩን መታሰቢያ የሚያደርጉበት፣ ድሆችን የሚያበሉበት በማጣታቸው ነበር። ሕፃኑ በቀረችው ጥቂት ዱቄት ላይ እጁን ቢያደርግ ዱቄቱ በዝቶ ቤቱ እንደ ሞላ ይተረካል። ከፍ ሲል አባቱ መዝሙረ ዳዊትን አስተማሩት፤ በ15 ዓመቱም ዲቁናን ተቀበለ።

ፍሥሐ ጽዮን ወጣት ሳሉ ለአደን በወጡበት የእግዚአብሔርን ጥሪ ሰሙ፤ ተክለ ሃይማኖት የተባሉትም ያን ጊዜ ነው። ከአደን ሲመለሱ ሀብታቸውን ለድሆች አከፋፍለው፣ የቤታቸውን ደጅ ክፍት ትተው ለስብከት ወጡ። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል፤ ይህ ሥራ ለቤቱ አዲስ አልነበረም። ልጁ ከመወለዳቸው በፊት ወላጆቻቸው የሠሩትን ነው የደገሙት።

ከዚህ የሚበልጠው ቀጥሎ ያለው ነው። ወንጌልን ይዘው ወደ ዳሞት ወረዱ፤ እናታቸውን ወደ ማረከው ንጉሥ አገር። ብዙ መከራ ከተቀበሉ በኋላ ሞተለሚን አስተምረው አጠመቁት። በቂም ያደገ ልጅ ወደዚያ አገር ቢሄድ ለበቀል በሄደ ነበር። እኒህ ግን የጥምቀትን ውኃ ይዘው ሄዱ። ከዚያም በሐይቅ ገዳም ከአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘንድ፣ በኋላም በደብረ ዳሞ ኖረው ወደ ሸዋ ተመለሱ፤ በደብረ አስቦም ዛሬ ደብረ ሊባኖስ የሚባለውን ገዳም መሥርተው በ1305 ዓ.ም. ገደማ ዐረፉ።

ይህ ታሪክ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለምንኖር እጅግ ይቀርበናል። ሞተለሚን የወላይታ ሕዝብ ትውፊት ከነገሥታቱ ይቆጥረዋል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከወላይታ፣ ከከምባታና ከሀዲያ ብዙ ቤተ ሰቦች ወደ ሸንኮራው እርሻ መጥተዋል። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በዝዋይና በሻሸመኔም ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጉራጌውና ሌላውም በአንድ ሰፈር ይኖራል። እያንዳንዱ ቤት የሚያስታውሰው በደል አለው። ልጆቻችን ማታ በቡና ዙሪያ የሚሰሙት ስለዚያ በደል የምንናገረውን ነው፤ ቂሙንም ይቅርታውንም የሚማሩት ከዚያ ነው።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1964 እ.ኤ.አ. ቤተ ሰብን የቤት ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ብሎ፣ ወላጆች በቃልና በምሳሌ ለልጆቻቸው የመጀመሪያ የእምነት ሰባኪዎች እንዲሆኑ አስተምሯል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ሕፃኑን የሚያገኘው በሳምንት አንድ ጊዜ ነው፤ ወላጅ ግን በየማዕዱ ያገኘዋል። ስለዚህ መምህራን ሕፃናቱን ጸሎት ከማስጠናት ጋር ወላጆቻቸውን በየቤታቸው እንዲጎበኙ፣ ወላጆችም ለድሀ ሲሰጡና ጎረቤታቸውን ይቅር ሲሉ ልጆቻቸውን ከአጠገባቸው እንዲያቆሙ እናሳስባለን።

የጸጋ ዘአብና የእግዚእ ኀረያ አምላክ ቤቶቻችንን ይባርክልን። አሜን።