ጥድን በዓለም መዝገብ ያስጻፈ ሰው፤ ዊልሄልም ሺምፐር (1804–1878)

ከቡታጅራ ከተማ ሆኖ ወደ ዘቢዳር ተራራ ሽቅብ የሚመለከት፣ ወይም ከወልቂጤ ተነሥቶ በጉራጌ ደጋ መንደሮች ጀፎረ ላይ የሚራመድ ሰው፣ በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥርና በየመንደሩ ዳር ከቀሩት አገር በቀል ዛፎች መካከል ጥድንና ዝግባን ሳያይ አያልፍም። እነዚህ ሁለት ዛፎች ከጎረቤቶቻቸው ከዋንዛውና ከኮሶው በአንድ ዐቢይ ነገር ይለያሉ። ይኸውም አበባ የማያብቡ፣ ዘራቸውም በማሕፀን ያልተሸፈነ መሆኑ ነው። የሥነ ዕፅዋት ሊቃውንት እንዲህ ያሉትን ዕፅዋት ጂምኖስፐርም ይሏቸዋል፤ በግሪክኛ ራቁት ዘር እንደ ማለት ነው። የኢትዮጵያ ጥድ በዚህ ወገን መዝገብ ውስጥ ስሙን ያገኘው፣ ከዕድሜው ግማሽ የሚበልጠውን በአገራችን ባሳለፈ አንድ ጀርመናዊ ድካም ነው። እርሱም ጌዮርግ ዊልሄልም ሺምፐር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሺምፐር በ1804 በደቡብ ጀርመን፣ በኑረምበርግ አቅራቢያ ራይኸንሽዋንድ በተባለች መንደር ተወለደ። ታላቅ ወንድሙ ካርል ፍሪድሪኽ ሺምፐር ስመ ጥር የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበር። ካርልና ባልደረባው አሌክሳንደር ብራውን ቅጠል በግንድ ዙሪያ፣ ቅርፊትም በኮን ላይ የሚደረደርበትን ሥርዓት በቁጥር አጥንተዋል። በአንድ ኮን ላይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚጠመዘዙት መስመሮች ሲቆጠሩ ብዙውን ጊዜ 5፣ 8፣ 13 የመሳሰሉት ቁጥሮች ይገኛሉ፤ እያንዳንዱም ቁጥር ከእርሱ የቀደሙት የሁለቱ ድምር ነው። ታላቅየው በዚህ ዓይነት ለተፈጥሮ ሕግ ሲፈልግ፣ ታናሽየው ግን ዕፅዋቱን በበቀሉበት ምድር ሄዶ መልቀምን መረጠ።

በዚያን ጊዜ ሆኽሽቴተርና ሽቶይደል የተባሉ ሁለት የዕፅዋት ሊቃውንት በኤስሊንገን ከተማ ኡኒዮ ኢቲነራሪያ የሚባል የተጓዦች ማኅበር አቋቁመው ነበር። የማኅበሩ አሠራር ከአክሲዮን ጋር ይመሳሰላል። አባላቱ አስቀድመው ገንዘብ ያዋጣሉ፤ በገንዘቡ ሰብሳቢ ወደ ሩቅ አገር ይላካል፤ ሰብሳቢው የሚልካቸው የደረቁ ዕፅዋትም ለአባላቱ እንደ መዋጮአቸው ይከፋፈላሉ። ሺምፐር በዚህ ማኅበር መልእክተኛነት በ1831 ወደ አልጄሪያ ተጓዘ፤ ቀጥሎም በግብፅ፣ በሲናና በዐረብ ምድር ሠራ። በመጨረሻም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በ1837 ዐድዋ ደረሰ።

ሥራው ለተመልካች ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ትዕግሥትን አጥብቆ ይሻል። የተቆረጠው ቅርንጫፍ በወረቀት መካከል ይዘረጋል፤ ክብደት ይጫንበታል፤ እርጥበቱ እስኪያልቅ ድረስም ወረቀቱ በየጊዜው ይለወጣል። ከዚያ በኋላ የተቆረጠበት ስፍራና ቀን ይጻፍበታል። በክረምት ይሻግታል፤ በበጋ ምስጥ ይበላዋል፤ እስከ ምፅዋ ወደብ ደግሞ በእንስሳ ጀርባ ይጓዛል። ሺምፐር ከትግራይና ከሰሜን ተራሮች በዚህ መንገድ በሺህ የሚቆጠሩ ናሙናዎችን ላከ። ከያንዳንዱም ዕፅ በርካታ ቅጂ ማዘጋጀት ልማዱ ነበር።

ከላካቸው መካከል የጥድ ቅርንጫፎች ነበሩ። ሆኽሽቴተር ናሙናውን መርምሮ አዲስ ዝርያ መሆኑን በመረዳት ስም አወጣለት፤ የቪየናው ሊቅ ኤንድሊኸርም በ1847 ስለዚህ ወገን ዛፎች ባሳተመው መጽሐፍ ጁኒፐሩስ ፕሮሴራ በሚል ስም አስፍሮታል። ፕሮሴራ በላቲን ረጅም ማለት ነው። ከዚህ ወገን ብዙዎቹ ቁጥቋጦዎች ወይም አጫጭር ዛፎች ሲሆኑ፣ የእኛው ጥድ ግን እስከ 40 ሜትር ሊደርስ ስለሚችል ስሙ ይገባዋል።

የጥድን ናሙና በሚገባ ለማጥናት አንድ ቅርንጫፍ አይበቃም። ምክንያቱም በአብዛኛው ወንዴው ለብቻው፣ ሴቴውም ለብቻዋ የቆሙ ዛፎች ናቸው። ወንዴው በቅርንጫፎቹ ጫፍ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚረዝሙ ትናንሽ ኮኖች ያወጣል፤ ከእነርሱም ቢጫ ብናኝ በነፋስ ይበተናል። በሴቴዋ ኮን ላይ ደግሞ የዘር እንቁላሎቹ በቅርፊቶች መካከል ያለ መሸፈኛ ተቀምጠዋል። በእያንዳንዱ እንቁላል ጫፍ ካለች ቀዳዳ አንዲት የምታጣብቅ ጠብታ ትወጣለች። ነፋስ ያመጣው ብናኝ በጠብታዋ ላይ ያርፋል፤ ጠብታዋም ወደ ውስጥ ስትመለስ ብናኙን ይዛው ትገባለች። ከዚያ ብናኙ ቀጭን ቱቦ አብቅሎ የወንዴውን ሴል ወደ ሴቴው ሴል ያደርሳል። ንብ አያስፈልግም፤ ሽታና ቀለም ያለው አበባም የለም።

ከተዳቀለ በኋላ ቅርፊቶቹ ወፍረውና እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ከ4 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ጥቁር ሰማያዊ እንክብል ይሆናሉ። ሕዝቡ የጥድ ፍሬ የሚላት ይህችው ናት፤ በእርግጥ ግን ፍሬ ሳትሆን ሥጋ የለበሰች ኮን ናት። በውስጧ ከ1 እስከ 4 ዘሮች ይገኛሉ፤ ወፎችም በልተው ይበትኗቸዋል።

እንቁላሉ ራቁቱን መሆኑን በ1820ዎቹ ያስረዳው ስኮትላንዳዊው ሮበርት ብራውን ነው። ይህ ሊቅ ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ ከኢትዮጵያ ያመጣቸውን ዕፅዋት ቀደም ሲል መርምሮ ነበር። በ1851 ደግሞ የላይፕሲጉ መጽሐፍ ሻጭ ዊልሄልም ሆፍማይስተር፣ ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ በማይክሮስኮፕ ባደረገው ጥናት፣ እነዚህ ዛፎች በፈርን ወገኖችና በአበባ አብቃዮች መካከል ድልድይ መሆናቸውን ገለጠ። ሆፍማይስተር በጠረጴዛው ላይ የሚያየውን ዓይነት ዛፍ፣ ሺምፐር በዚያው ዘመን በየሸንተረሩ ይቆርጥ ነበር።

የኡኒዮ ኢቲነራሪያ ሥራ በ1840ዎቹ መጀመሪያ ሲቋረጥ የሺምፐር ገቢ ተቋረጠ። እርሱ ግን ወደ አገሩ አልተመለሰም። ኢትዮጵያዊት አግብቶ ነበር፤ የትግራይና የሰሜን ገዥ ደጃዝማች ውቤም አቅርበውት የእንትጮን አውራጃ እንዲያስተዳድር ሾሙት። በሰሜን የሚገኘው የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያንም ለደጃዝማች ውቤ የታነጸው በእርሱ መሪነት ነው።

አናጺዎች ጥድን ለምን እንደሚመርጡ የእንጨቱ አሠራር ራሱ ያስረዳል። የአበባ አብቃይ ዛፎች እንጨት ሰፋፊ የውሃ ቧንቧዎች አሉት፤ ጥድ ግን የተሠራው ትራኪድ ከሚባሉ ቀጫጭን ረጃጅም ሴሎች ነው። እነዚሁ ሴሎች ውሃም ያመላልሳሉ፤ ግንዱንም ይሸከማሉ። በሴሎቹ ግድግዳ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች መካከል እንደ ቫልቭ የሚሠራ ክብ መክደኛ አለ። በድርቅ ጊዜ በአንዱ ሴል አየር ሲገባ መክደኛው ወደ ጎን ተገፍቶ ቀዳዳውን ይዘጋል፤ አየሩም ወደ ሌላው አይተላለፍም። የሴሎቹ ወጥነት እንጨቱን ለመፍለጥና ለመላግ አመቺ ያደርገዋል፤ በልቡ ያለው መዓዛማ ዘይትም ከምስጥና ከመበስበስ ይጠብቀዋል። ጥድ ለምሰሶ፣ ለጣሪያ፣ ለአጥርና ለእርሳስ የተፈለገው፣ ስለዚህም የተመናመነው፣ በዚህ ምክንያት ነው።

ደጃዝማች ውቤ ዘውድ ሊጭኑበት ያሰቡት ቤተ ክርስቲያን ለሌላ ንጉሥ ዋለ። በየካቲት 1855 ውቤ በደረስጌ ጦርነት ተሸንፈው ተማረኩ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም እዚያው ደረስጌ ማርያም ነገሡ። ሺምፐር ሹመቱንና ርስቱን አጣ። ሆኖም መልቀሙን አልተወም፤ በ1860ዎቹ ስለ ትግራይ ዕፅዋት የጻፈው ጽሑፍና የሣላቸው ካርታዎች ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ከተለቀቁት አውሮፓውያን አንዱ እርሱ ነበር። በዚያን ጊዜ 63 ዓመቱ ነው። ከተለቀቁት ብዙዎቹ ወደ አውሮፓ ሲሄዱ፣ ሺምፐር ወደ ዐድዋ ተመለሰ፤ በ1878 እስኪሞት ድረስም እዚያው ኖረ።

ከሞተ በኋላም ሥራው ሌላ ፈተና ገጠመው። በመጋቢት 1943 የበርሊን የዕፅዋት ሙዚየም በአውሮፕላን ቦምብ ሲቃጠል፣ የሺምፐር ናሙናዎች ካሉባቸው ስብስቦች ብዙው ጠፋ። ነገር ግን ቅጂዎቹ አስቀድመው በፓሪስ፣ በለንደንና በሌሎች ከተሞች ተከፋፍለው ስለ ነበር ዕውቀቱ አልጠፋም። ከአንድ የሚበልጥ ቅጂ የማዘጋጀት ልማዱ ሥራውን አተረፈው። ሰሳን ጨምሮ የብዙ ዕፅዋት ሳይንሳዊ ስም ዛሬም የእርሱን ስም ይዞ ይጠራል።

የወረቀቱ ጥድ በዚህ ዓይነት ከእሳት ሲተርፍ፣ የቆመው ጥድ ግን ሌላ ጥበቃ ይፈልጋል። በአንድ ጀፎረ ዳር ብቻዋን የቀረች ሴቴ ጥድ፣ በነፋስ መንገድ ላይ ወንዴ ካልቆመላት፣ እንክብሏን ብታንዠረግግም የሚበቅል ዘር መስጠቷ ያጠራጥራል። ስለዚህ መንገድ ሲቀየስ ወይም ሕንፃ ሲሠራ አንድ ዛፍ ለምልክት መተው ጥድን ማትረፍ አይደለም። ወንዴና ሴቴው ተለይተው ታውቀው፣ ተቀራርበው መቅረት አለባቸው። በዘቢዳር ግርጌም ሆነ በወልቂጤ ዙሪያ ያሉት የቅጥር ጥዶች የሚተኩት ይህ ሲጠበቅ ነው።