የእቴጌ ጣይቱ ብጡል ታሪክ ባጭሩ

እኛ በእንጦጦ እግር ሥር በዛፍ ጥላ የምንኖር ምእመናን የደብራችንን ኢዮቤልዩ ስናከብር፥ ለከተማችን ስም ያወጡላትን እመቤት ማሰብ ይገባናል፤ ስለዚህ ታሪካቸውን ባጭሩ እንጽፋለን።

እቴጌ ጣይቱ ከስሜንና ከየጁ መሳፍንት ወገን ተወልደው በልጅነታቸው ንባብንና ጽሕፈትን ከግእዝ ቋንቋ ጋራ ተማሩ። በ1875 ዓ.ም. ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋራ ተጋቡ። በኋላ የንጉሡ ከተማ እንጦጦ ሆነ፤ ቦታው ለጠላት የማይመች ከፍተኛ ስፍራ ቢሆንም ነፋሱና ብርዱ የበረታ ነበረ። እቴጌም ወደ ፍል ውሃ ሲወርዱ የሜዳውን ልምላሜ አይተው ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም. ቤት አሠሩበት፥ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱም ቦታ እየተመሩ በየኰረብታው ሰፈሩ፤ ብዙውም ሰፈር በጌታው ስም ተጠራ፤ ደጃች ውቤ ሰፈር እንደሚባለው ያለ ነው።

ሕዝቡ በበዛ ጊዜ ግን የማገዶና የቤት እንጨት ጠፋ፤ በተራራው የነበረው ጥድና ወይራ ተመነጠረ። ስለዚህ ዐፄ ምኒልክ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው በ1893 ዓ.ም. ገደማ በዚያ ቤተ መንግሥት ያሠሩ ጀመር። ነገር ግን ዘሩ ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት አድጎ እንጨት ስለ ሰጠ፥ አዲስ አበባ ሳትፈታ ቀረች፤ የአዲስ ዓለሙም ቤት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ባሕር ዛፍ ምንጭ ያደርቃል ተብሎ ቢነቀፍም፥ ከተማይቱን ያጸናት እርሱ ነው።

እቴጌ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ጭነው፥ በ1888 ዓ.ም. ከባላቸው ጋራ ወደ ዓድዋ ዘመቱ። ዐፄ ምኒልክ በታመሙ ጊዜም መንግሥቱን ይዘው ሳሉ፥ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ከሥልጣን አራቋቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጥተው ተቀመጡ። ዘውድ የጫኑበት ደብር የኀዘናቸው መጠጊያ ሆነ፤ ስም ያወጡላት ከተማ ከበታች ስትለመልም፥ እርሳቸው ቀድሞ ወደ ለቀቁት ብርድ ተመለሱ። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ዐፅማቸውም ከዐፄ ምኒልክ ዐፅም ጋራ በታእካ ነገሥት በዓታ ይገኛል።

ወገኖቼ ሆይ፥ ዛሬ የምንጠለልበትን ጥላ የተከልነው እኛ አይደለንም፤ ከተከሉትም ብዙዎቹ ሳይጠለሉበት አልፈዋል። እንግዲህ ከደጁ አንድ ዛፍ የቈረጠ ሁለት ይትከል፤ የደብራችንንም ዐጸድ ጥድና ወይራ እንደ ንዋየ ቅድሳት እንጠብቅ፥ ልጆቻችን ባዶ ተራራ እንዳይወርሱ።

እግዚአብሔር የእቴጌን ነፍስ በዐጸደ ገነት ያኑርልን፤ አሜን።