የእናታችን የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ሕይወትና አገልግሎት

ለደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል መታሰቢያ ከሚጻፈው መካከል የአንዲት እናት ታሪክ ቢገኝበት ምእመናንን ይጠቅማል ብዬ አሰብሁ። ከጎረቤታችን ከሰከላ ምድር የሚመነጨው ግልገል ዓባይ ወርዶ ጣና ባሕር እንደሚገባ ሁላችን እናውቃለን። ይህችም እናት የደከመችው በጣና ዙሪያ፥ የተቀበረችውም በጣና ደሴት በሬማ ገዳም ነውና ታሪኳ ከእኛ የራቀ አይደለም። እርሷም ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ናት።

የተወለደችው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1592 ዓመት ነው፤ ከዚህ በታች ያለውም ዘመን በዚያው አቆጣጠር ነው። አባቷ ባሕር ሰገድ፥ እናቷ ክርስቶስ ዕበያ ይባላሉ፤ ወገናቸውም ከመኳንንት ነበረ። ለዐካለ ሔዋን በደረሰች ጊዜ የዐፄ ሱስንዮስ የጦር አለቃና አማካሪ ለነበረው ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። በቤቷ ሀብትና ክብር አልጐደለም፤ ነገር ግን ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ስለዚህ የዚህ ዓለም ነገር በዐይኗ ከንቱ ሆነ።

በዚያ ወራት ንጉሡ ወደ ካቶሊካውያን ሃይማኖት በማዘንበሉ አገሩ ተከፍሎ ነበር። በ1617 ዓመት ጳጳሱ አቡነ ስምዖን በጦርነት ተገደሉ። ባሏ ከንጉሡ ጋር በዚህ ነገር እንዳለበት ባወቀች ጊዜ ቤቷን ፈጽማ ተወች፤ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ሲሆናትም መነኰሰች። እንደ እርሷ ትዳሯን የተወች እኅተ ክርስቶስ ባልንጀራዋ ሆነች። የመኳንንት ልጅ ስትሆን እህል መፍጨትን፥ እንደ ገረድም መሥራትን አላፈረችበትም።

ልቧ ይመኝ የነበረው ግን ብሕትውናን ነበረ። ከሰው ርቃ፥ በጾምና በጸሎት ተወስና፥ ነፍሷን ብቻ ልታድን ትሻ ነበር። ይህንም ፈልጋ ወደ ዋልድባ ወረደች። ነገር ግን በ1622 ዓመት ንጉሡ የሃይማኖቱን መለወጥ በግልጥ ካወጀ በኋላ ዝም ማለት አልተቻላትም። ወደ ጸለምት ሄዳ ሕዝቡ በአባቶቹ ሃይማኖት እንዲጸና፥ የንጉሡም ስም በቅዳሴ እንዳይነሣ አስተማረች። በዚህም ምክንያት ተይዛ ወደ ንጉሡ ቀረበች። ከፖርቱጋል የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ ሊያሳምናት ደክሞ አልሆነለትም። በመጨረሻም ወደ ሱዳን ዳርቻ ወዳለው ቆላ፥ ዠበይ ወደሚባለው አገር ሦስት ዓመት ተጋዘች። ዕድሜዋም ያን ጊዜ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ ነበረ።

የሕይወቷ መሠረታዊ ነገር እነሆ በዚህ ላይ ነው። ያሰሯት ሰዎች ከሕዝቡ ሊለዩዋት ወደ በረሓ አወጧት፤ ሕዝቡ ግን ስለ ሃይማኖቱ እየተሰደደ ወደ እርሷ ተሰበሰበ። እርሷ ብቸኝነትን ስትለምን፥ ጌታ ተገልጦ እነዚህን ነፍሳት እንድትጠብቅ እንዳዘዛት ገድሏ ይናገራል። እርሷም ደካማነቷን አሳብባ ልታመልጥ ሞከረች፤ በኋላ ግን ፈቃዱን ተቀበለች። የመጀመሪያውም ማኅበሯ በዚያው በግዞት አገር ተመሠረተ። ያለፈው ዘመኗ ሁሉ፥ የልጆቿም ሞት፥ ስደቷም፥ ለብዙ ልጆች እናትነት ያዘጋጃት ሆነ።

ከግዞት በኋላ በደምቢያ በጫንቋ ሳለች በማኅበሯ ላይ በሽታ ወደቀ፤ ብዙዎችም ሞቱ። እርሷ ግን የቀሩትን ይዛ ጸናች። በ1632 ዓመት ዐፄ ሱስንዮስ የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ ካዘዘ በኋላ፥ ልጁ ዐፄ ፋሲለደስ ነገሠ። ስደቱ ቢቀርም እርሷ ሥራዬ ተፈጸመ ብላ አላረፈችም። ወንዶችና ሴቶች በሥርዓት የሚኖሩባቸው ማኅበሮቿ ምጽሌን፥ ዘጌንና አፈር ፈረስን ጨምሮ ሰባት ሆኑ። በሦስት ወር ሕመም ከተፈተነች በኋላ በ1642 ዓመት ኅዳር 17 ቀን በአምሳ ዓመቷ ዐረፈች። በምትኳም እኅተ ክርስቶስ ማኅበሩን መራች። ከሠላሳ ዓመት በኋላ በ1672 ዓመት ገላውዴዎስ የሚባል መነኩሴ ገድሏን ጻፈ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ይህን የምጽፍላችሁ እኔ እርሷ ያረፈችበትን ዕድሜ አልፌዋለሁ። ጉባኤውን ለወጣቶች ትቼ ጸጥ ብዬ ልቀመጥ የሚል አሳብ ብዙ ጊዜ መጥቶብኛል፤ ያንንም አሳብ መንፈሳዊ አስመስዬ ተቀብዬው ነበር። የእርሷን ታሪክ ሳስብ ግን ጸጥታን መሻት ሁልጊዜ ጽድቅ እንዳይደለ ተረዳሁ። በደጃችን የሚቆመው የቆሎ ተማሪ፥ ጧሪ ያጣች አሮጊት፥ አባት የሞተበት ሕፃን፥ ጸሎታችንን የሚያስታጕሉ እንግዶች አይደሉም፤ ምናልባት በዕድሜያችን እኩሌታ የተላኩልን ሥራዎቻችን እነርሱ ናቸው። ልጆቻችሁን ያሳደጋችሁ፥ መሬታችሁን ያካፈላችሁ፥ ከእንግዲህ ምን ቀረኝ የምትሉ ሁሉ፥ በዚህ በኢዮቤልዩ ዓመት አንድ ሰው ተረከቡ።

የእናታችን የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በረከቷ በሁላችን ላይ ይደር፤ አሜን።