አፄ ፋሲል፣ ያሠሩት ግንብና የጥገናው ኃላፊነት

በስመ መንግሥታቸው ዓለም ሰገድ የተባሉት አፄ ፋሲል በ1596 ዓ.ም. ከአፄ ሱስንዮስና ከእቴጌ ወልደ ሰዓላ ተወለዱ። አባታቸው የካቶሊክ እምነት የመንግሥት ሃይማኖት እንዲሆን በማወጃቸው አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት ታመሰች። በወይና ደጋው ጦርነት ብዙ ሕዝብ ካለቀ በኋላ አፄ ሱስንዮስ በሰኔ ወር 1624 ዓ.ም. ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ። የወጣቱ ንጉሥ ቀዳሚ ተግባር የቀደመውን የተዋሕዶ እምነት መመለስና የኢየሱሳውያንን ሚሲዮናውያን ከአገር ማስወጣት ነበር። የላስታው አመፅ ግን ከዚያም በኋላ ለዓመታት አላረፋቸውም።

ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ነገሥታት ሠራዊታቸውን አስከትለው ከቦታ ቦታ ይዘዋወሩ ነበር። ድንኳኑ በተተከለበት አካባቢ የማገዶ እንጨቱና ስንቁ ሲያልቅ ሰፈሩ ይነቀላል። እርግጥ ነው፣ አፄ ሠርፀ ድንግል በእንፍራዝ ጉዛራ፣ አፄ ሱስንዮስም በደንቀዝ ግንብ አሠርተዋል። ይሁን እንጂ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል የዘለቀ መናገሻ የቆረቆሩት አፄ ፋሲል ናቸው። በ1628 ዓ.ም. ገደማ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ያለውን ኮረብታማ ስፍራ መርጠው ጎንደርን መሠረቱ።

አራት ማዕዘኖቹ ባለ ጉልላት ክብ ማማዎች የሆኑትና 32 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ግንብ እስከ 1640 ዓ.ም. ድረስ ቆሞ ነበር። ይህም የታወቀው በዚያው ዓመት ከየመን በመልእክተኛነት የመጣው አል ሐይሚ ግንቡን አይቶ በጽሑፍ በማስቀመጡ ነው። የግንቡ አናጺ የየት አገር ሰው ነበር የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ የታሪክ ጸሐፍትን ያነታርካል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ከማን ሠራው ይልቅ ማን ጠበቀው የሚለው ጥያቄ ለአስተዳደር ሰዎች ይበልጥ የሚጠቅም ነው።

ምክንያቱም መናገሻው በአንድ ስፍራ ሲረጋ ከድንኳን ሰፈር ጋር አብሮ የማይመጣ ሸክም ይመጣል። ውኃ፣ ገበያ፣ መንገድና መሻገሪያ ያስፈልጋል። በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠሩ የሚነገርላቸው የድንጋይ ድልድዮች ሰባት ያህል ናቸው። ከቀሃ ወንዝ በቦይ ውኃ የሚገባበት የመዋኛ ገንዳና በመካከሉ ያለው ባለ ፎቅ ግንብም በስማቸው ይጠራል።

እነዚህ ሥራዎች ግን እኩል ዕድሜ አላገኙም። ለአብያተ ክርስቲያናት አገልጋዮች የሪም መሬት ይሰጥ ስለነበር አገልግሎቱን የሚያስቀጥል ባለ ድርሻ በየደብሩ ነበር። ገንዳውም በየዓመቱ ለጥምቀት በዓል የግድ መሞላት ስላለበት ቦዩ የሚረሳ አልሆነም። ሩቅ በረሃ ውስጥ ያለ ድልድይ ግን እንዲህ ያለ ባለቤት አልነበረውም።

ለዚህ ከሞጣ በታች በዓባይ ወንዝ ላይ፣ በጎጃምና በደቡብ ጎንደር መካከል ያለው ድልድይ ምስክር ነው። በ1650ዎቹ ዓ.ም. በንጉሡ ትእዛዝ የተሠራ ሲሆን፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ፈርሶ ሰባራ ድልድይ ተባለ። ከዚያ በኋላ ለስድሳ ዓመታት ያህል ገበያተኛው በወንዙ ግራና ቀኝ በቆሙ ሰዎች በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ገመዱ ቢበጠስ ወይም እጅ ቢከዳ ከታች ያለው ዓባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በውጭ በጎ አድራጊዎች ድጋፍና በአካባቢው ሕዝብ ጉልበት ተጠገነ፤ በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 ከፍ ብሎ በተሠራ ተንጠልጣይ ድልድይ ተተካ። በአንጻሩ የጎንደር ግንቦች እ.ኤ.አ. በ1941 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች በጣሊያኖች ላይ ባካሄዱት ድብደባ ቢጎዱም ጠያቂ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1979 ፋሲል ግቢ በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ጥገናው የአገርም የዓለምም ጉዳይ ሆነ።

አፄ ፋሲል በጥቅምት ወር 1660 ዓ.ም. በአዘዞ አርፈው በጣና ደሴት በሚገኘው ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ተቀበሩ። ዙፋኑን የወረሱት ልጃቸው አፄ ዮሐንስ ከአባታቸው ግንብ አጠገብ የራሳቸውን አሠሩ፤ ተከታዮቹም እንዲሁ አደረጉ። ዛሬ 12 በሮች ባሉትና 900 ሜትር በሚረዝመው ቅጥር ውስጥ በርካታ ግንቦች ጎን ለጎን የሚታዩት ለዚህ ነው። ለጎብኚ ውበት ነው፤ በጀት ለሚይዝ ሹም ግን እያንዳንዱ ንጉሥ አዲስ ሲጨምር የጥገናውም ዕዳ አብሮ እየጨመረ መሄዱን ያሳያል።

ይኸው ዕዳ በዘመናችን የከተማ አስተዳደሩ ሆኗል። የአማራ ክልል በ1996 ዓ.ም. ባወጣው የከተሞች አዋጅ ቁጥር 91 ከተሞች የራሳቸው ምክር ቤትና የማዘጋጃ ቤት አገልግሎት እንዲኖራቸው ተደነገገ። እ.ኤ.አ. በ2008 በዓለም ባንክ ድጋፍ በተጀመረው የከተሞች ልማት ፕሮጀክት ጎንደር ስትታቀፍ፣ ሕዝቡ በዓይኑ ያየው በጌጠኛ ድንጋይ የተነጠፉትን የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ነው። ከተሞቹ የተጠየቁት ሥራ ግን ከዚያ ያለፈ ነበር። ያላቸውን መንገድ፣ ቦይና ሕንፃ ቆጥረው መመዝገብ፣ ያለበትን ሁኔታ ማወቅ፣ የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ ማውጣትና ለጥገና ገንዘብ መመደብ ይጠበቅባቸው ነበር። መዝገቡ ፎቶግራፍ የሚነሣበት ነገር ባለመሆኑ ሪባን አይቆረጥለትም፤ ነገር ግን ሰባራውን ድልድይ ስድሳ ዓመት ያስጠበቀው የዚህ ዓይነቱ መዝገብና ተጠሪ መታጣት ነው።

የአፄ ፋሲልን ከተማ ምሥራቃዊ ወሰን ያበጀው የአንገረብ ወንዝም ተመሳሳይ ጥያቄ ያነሣል። በወንዙ ላይ የተሠራው ግድብ ለጎንደር ሕዝብ የመጠጥ ውኃ ሲያቀርብ ቆይቷል፤ ይሁንና ከደጋው የሚወርደው ደለል የሚይዘውን የውኃ መጠን ቀንሶታል። ግድቡ የከተማው ነው። አፈሩ የሚታጠብበት ተፋሰስ ግን ከከተማው ወሰን አልፎ በገበሬ ማሳዎች ላይ ይዘልቃል፤ ስለዚህ የእርከኑ ሥራ በከተማው የውኃ አገልግሎት ዕቅድ ብቻ ሳይሆን በአጎራባች ወረዳዎች የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ዕቅድ ውስጥም መግባት ይኖርበታል።