ከዛፉ ሥር የተመለሰው ልጅ

ውድ የ1997 ተመራቂዎች፣ ዘንድሮ 20ኛ ዓመታችንን ባሕር ዳር ላይ ስለምናከብር፣ የመጽሔቱ ኮሚቴ የከተማዋ ነዋሪ ነሽና ስሙ ከጣና ጋር የሚነሣ አንድ ታላቅ ሰው መርጠሽ ጻፊልን ብሎ አዘዘኝ። የእጅ ጽሑፌን የምታውቁ ከአሁኑ ሳትስቁ አትቀሩም፤ ደግነቱ በኮምፒዩተር ነው። ማንን እንደምጽፍ ለመወሰን ግን አንድ ቀንም አልፈጀብኝ። ቅዱስ ያሬድን ነው።

ምክንያቴን ላስቀድም። ረስታችሁት ይሆናል እንጂ እኔ ግቢ የገባሁት ከእናንተ አንድ ዓመት ቀድሜ፣ በ1991 ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ አናቶሚ ጣለኝ፤ ዓመት ደግሜ ነው እናንተን የተቀላቀልኩት። ያን ክረምት ዳግም ላልመለስ ወስኜ፣ ሻንጣዬን ጠቅልዬ ጣና ዳር ወዳለው ቤታችን መጣሁ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማርና አንድም ቀን አልተቆጡኝም። ማታ ማታ ዝናቡ ሲያባራ ደጅ ተቀምጠን የያሬድን ታሪክ ያወሩልኝ ነበር። ከልጅነቴ የማውቀው ታሪክ ነው፤ ያን ክረምት ግን የሌላ ሰው ታሪክ መሆኑ ቀረ።

ትውፊቱ እንደሚለው ያሬድ ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. በአክሱም ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ እናቱ እንዲያስተምሩት ለአጎቱ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። አባ ጌዴዎን በአክሱም ጽዮን የታወቁ መምህር ነበሩ። ልጁን ግን ትምህርቱ እምቢ አለው። እኩዮቹ እየቀደሙት ሄዱ፣ እሱ ዳዊት መድገም አቃተው። ዱላው በዛበት፣ የጓደኞቹም መሳቂያ ሆነ። አንድ ቀን ጥሎ ጠፋ። ማይ ኪራሕ የምትባል ምንጭ ዘንድ ሲደርስ ደክሞት ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጠ።

የቀረውን የማያውቅ የለም። አንዲት ትል ዛፉ ላይ ልትወጣ ትሞክራለች፣ ትወድቃለች። ስድስት ጊዜ ወደቀች፤ በሰባተኛው ወጥታ ከፍሬው በላች። ያሬድም ይህን አይቶ ራሱን ታዘበና ተመለሰ።

እኛ ታሪኩን ለተማሪ ስንነግር ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ እናቆማለን። አባቴ ግን ትሏ ላይ ብዙም አይቆዩም ነበር። እሳቸው የሚወዱት ቀጥሎ ያለውን ነው። ልጁ ተመልሶ መምህሩ እግር ላይ ወድቆ ይቅርታ ሲለምን፣ አባ ጌዴዎን አላባረሩትም። አዘኑለት፣ ጸለዩለት፣ እንደገናም ማስተማር ጀመሩ። አባቴ እዚህ ላይ ሲደርሱ ዝም ይሉ ነበር። ትሏ ሰባት ጊዜ ብትሞክርም ዛፉ ባይጠብቃትስ ማለታቸው እንደነበር የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

ከዚያ ወዲያ ልጁ ሌላ ሰው ሆነ። ብሉይና ሐዲስን ጠንቅቆ ተማረ፣ ዲያቆንም ሆነ። ከኤደን ገነት የመጡ ሦስት ወፎች በሰው ቋንቋ እንዳነጋገሩት፣ ወደ ሰማይም ተነጥቆ የ24ቱን ካህናተ ሰማይ ዝማሬ እንደሰማ ይተረካል። ሲመለስ አክሱም ጽዮን ገብቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ ዜማውን ለመጀመሪያ ጊዜ አሰማ። ንጉሡም፣ ካህናቱም፣ ሕዝቡም ያሉበትን ትተው እየሮጡ መጥተው ሲያዳምጡት ዋሉ።

ዜማው በሦስት ስልት የተከፈለ ነው፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ። ግዕዝ ቀጥ ያለና ጠንካራ ነው፤ ዕዝል ይለሰልሳል፤ አራራይ እንደ ስሙ ልብ ያራራል። ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት የሚባሉት አምስቱ የዜማ መጻሕፍት በስሙ ይጠራሉ። እርግጥ ነው፣ ድጓው በየዘመኑ በተነሡ ሊቃውንት እየሰፋ የመጣ መሆኑን ተመራማሪዎች ይናገራሉ። እነ ድፋት፣ ሒደት፣ ቅናት፣ ይዘትና ርክርክ የሚባሉት ምልክቶችም በፊደላቱ አናት ላይ መጻፍ የጀመሩት በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደሆነ ነው የሚነገረው። ይህ ለእኔ የያሬድን ክብር አይቀንሰውም፣ እንዲያውም ይጨምረዋል። ዜማው 1,000 ዓመት ያህል በወረቀት ሳይሆን ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ ነው የተጓዘ ማለት ነው። በየትውልዱ ቶሎ የማይገባውን ልጅ ታግሦ ያስተማረ አንድ መምህር ባይኖር ኖሮ ዛሬ ምን እንሰማ ነበር?

ወደ እኛ አገር ልምጣ። ያሬድ ከአፄ ገብረ መስቀልና ከአቡነ አረጋዊ ጋር ወደ ጣና መጥቶ በጣና ቂርቆስ እንደተቀመጠ፣ እዚያም ዜማ እንደደረሰ የደሴቷ አባቶች ይናገራሉ። ጣና ቂርቆስ በሐይቁ ምሥራቃዊ ወገን ነው። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ከሁለት ሰዓት በላይ ያስኬዳል። እኔ ከጀልባ ላይ ሆኜ ከሩቅ ነው ያየኋት፤ ዛፍ የለበሰ ገደል ከውኃው ቀጥ ብሎ ወጥቶ ይታያል። ከዚያ ወደ ጋይንት አልፎ በዙር አምባ ዝማሬን ደረሰ ይባላል። ዙር አምባ እስካሁን የዝማሬና መዋሥዕት ማስመስከሪያ ነው። ድጓ የሚመሰከረው ደግሞ እዚያው ጋይንት፣ ቤተልሔም ነው። አባቴም ቤተልሔም ነው ያስመሰከሩት፤ ስንት ዓመት ቆሎ እየቆረጠሙ እንደተማሩ ሲያወሩ የእኛ ስድስት ዓመት ቀላል ይመስል ነበር።

ለእኛ ለሐኪሞች አንድ ነገር ላንሣ። ያሬድ በንጉሡ ፊት ሲዘምር፣ ገብረ መስቀል በዜማው ተመስጦ የተደገፈውን ጦር ሳያውቀው ያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደሙ ፈሰሰ። ዘማሪው መዝሙሩን እስኪጨርስ አልተሰማውም፣ ንጉሡም አላስተዋለም። ተማሪ ሳለሁ ይህ ተረት ይመስለኝ ነበር። በኋላ ግን ድንገተኛ ክፍል ስሠራ፣ አጥንቱ ተሰብሮ ልጁ መትረፉን እስኪያረጋግጥ ድረስ ሕመሙ ያልተሰማውን አባት አየሁ። በጦር ሜዳ የቆሰሉ ወታደሮችም ብዙ ጊዜ ሕመሙ የሚሰማቸው ቆይቶ ነው። ልቡን ለአንድ ነገር የሰጠ ሰው ሥጋው ቆይቶ ነው የሚጮኸው።

ንጉሡ ደንግጦ ጦሩን ነቀለና የደምህን ዋጋ ጠይቀኝ አለው። ያሬድ ሀብትም ሹመትም አልጠየቀም፤ ገዳም ገብቶ እንዲኖር እንዲያሰናብተው ብቻ ለመነ። ንጉሡ አዘነ፣ ግን ቃሉን ጠበቀ። ያሬድም ወደ ሰሜን ተራሮች ሄዶ እየጾመና እያስተማረ ኖረ። ግንቦት 11 ቀን 571 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም እንደተሰወረ ይነገራል፤ ቤተ ክርስቲያንም በየዓመቱ በዚያ ቀን ታስበዋለች። የፈረንጆቹ የሙዚቃ ትምህርት ባለውለታ የሚባለው ጊዶ ዘአሬዞ የመጣው ከ400 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ባኽማ ከ1,000 ዓመት በኋላ። አዲስ አበባ ያለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት በስሙ መጠራቱ ሲያንሰው ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስና ላብቃ። ብዙዎቻችሁ እንደኔ መምህራን ሆናችኋል። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በእኔው ኮርስ ወደቀ። ጉዳዩ ለስብሰባ ሲቀርብ ውጤቱን አየሁና ፈረምኩ። ስሙን እንኳ አስተውዬ አላነበብኩም። ደንቡ ልክ ነበር፣ ቁጥሩም አልተሳሳተም። ቢሮዬ በር ላይ መጥቶ ቆሞ ነበር አሉ፤ ዋርድ ስለነበርኩ አላገኘኝም፣ እኔም ማን ነበር ብዬ አልጠየቅኩም። ይህን ጽሑፍ ልጀምር ስቀመጥ ነው ያ ልጅ ትዝ ያለኝ።

ስልኩን ከጓደኞቹ አፈላልጌ ደወልኩለት። ጣና ማዶ ከቤተሰቦቹ ጋር እርሻ ያግዛል። መልሶ መግባት የሚችልበት መንገድ እንዳለ፣ ማመልከቻውንም አብረን እንደምንጽፍ ነገርኩት። ሊያስብበት ነው። እኔን ለማመን አልቸኮለም፤ አልፈርድበትም። እኔን በ1993 አዲሱ መምህራችን በስሜ ጠርቶ ከፊት ነው ያስቀመጠኝ፤ እናንተም ለምን ደገመች ሳትሉ ማስታወሻችሁን አዋሳችሁኝ። ለዚህ አመስግኛችሁ አላውቅም፤ ዛሬ ላመስግናችሁ።

ባሕር ዳር ስትመጡ ሐይቁ ዳር ካደራችሁ፣ ንጋት ላይ ከቅዱስ ጊዮርጊስ የሚመጣውን ዜማ ትሰማላችሁ። ከእንቅልፋችሁ ቢቀሰቅሳችሁም አትማረሩ። አንድ ጊዜ ትምህርት እምቢ ያለው ልጅ ድምፅ ነው። በየምታስተምሩበት ቦታም ከዛፍ ሥር የተቀመጠ ካለ፣ በሩን ክፍት አድርጋችሁ ጠብቁት።