የመርሳት በሽታ በስማቸው የተጠራው ሐኪም፤ ዶክተር አሎይስ አልዛይመር

በአዲስ አበባ አንድ አዛውንት የልጆቻቸውን ስም ማደበላለቅ፣ በልተው ሳለ አልበላሁም ማለት ሲጀምሩ ቤተሰቡም ጎረቤቱም የሚሰጠው ምክንያት አንድ ነው፤ ጃጁ ይባላል። ቃሉ ነገሩን የዕድሜ ጉዳይ አድርጎ ይዘጋዋል። ከመቶ ዓመት በፊት በአውሮፓም አመለካከቱ ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። መርሳቱ በአንጎል ላይ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ጉዳት የሚያደርስ በሽታ ሊሆን እንደሚችል ካሳዩት ሐኪሞች መካከል ስማቸው በቀዳሚነት የሚነሳው ጀርመናዊው ዶክተር አሎይስ አልዛይመር ናቸው።

ዶክተር አልዛይመር እ.ኤ.አ ጁን 14 ቀን 1864 በባቫሪያ፣ ማርክትብራይት በተባለች አነስተኛ ከተማ ተወለዱ። የሕክምና ትምህርታቸውን በበርሊን፣ በቱቢንገንና በቩርዝቡርግ ተከታተሉ። የመመረቂያ ጽሑፋቸው የጆሮ ኩክን ስለሚያመነጩ ዕጢዎች ነበር፤ ለወደፊቱ የአንጎል ተመራማሪ እንግዳ ጅማሬ ይመስላል። በ1888 መጨረሻ በፍራንክፈርት የአእምሮና የሚጥል በሽታ ሕሙማን መታከሚያ ተቀጠሩ። በቀጣዩ ዓመት የነርቭ ሴሎችን ቀለም በማቅለም የሚታወቁት ፍራንዝ ኒስል ተቀላቀሏቸው፤ ሁለቱም ሕሙማንን ከማከም ጎን ለጎን በማይክሮስኮፕ ምርምር ይተጉ ነበር።

በዚያ ዘመን የአእምሮ ሕሙማን መታከሚያዎችን ከሚያጨናንቁት ሕመሞች አንዱ ቂጥኝ ወደ አንጎል ዘልቆ የሚያስከትለው የአእምሮ መታወክና ሽባነት ነበር። አልዛይመር ይህን ሕመም ከሌሎች የሚለዩትን የአንጎል ለውጦች ለዓመታት ያጠኑ ሲሆን፣ በ1904 ለዩኒቨርሲቲ መምህርነት ያበቃቸውም ይኸው ሥራ ነው።

1901 ለሐኪሙ ከባድ ዓመት ነበር። ባለቤታቸው ሴሲሊ ሦስት ልጆች ጥለው አረፉ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 25 ቀን ደግሞ የ51 ዓመቷ አውጉስተ ዴተር ወደ መታከሚያው ገቡ። ሴትዮዋ ባላቸውን በከንቱ ይጠረጥራሉ፤ ዕቃ ያስቀመጡበትን ይረሳሉ፤ ስማቸውን እንዲጽፉ ሲጠየቁ ጀምረው መጨረስ ያቅታቸዋል። እርጅና ነው እንዳይባል ዕድሜያቸው ገና ነበር። አልዛይመር በየቀኑ እየጠየቁ መልሳቸውን መዘገቡ። ቆይተው ታዋቂውን ኤሚል ክሬፕሊንን ተከትለው ወደ ሙኒክ ቢሄዱም ታማሚዋን አልረሱም። አውጉስተ ኤፕሪል 8 ቀን 1906 ሲሞቱ አንጎላቸው ከፍራንክፈርት ወደ ሙኒክ ተላከላቸው።

በብር ማቅለሚያ የተዘጋጀው ናሙና ሁለት ነገሮችን አሳየ፤ በሴሎቹ መካከል የተከማቸ ባዕድ ክምችትና በሴሎቹ ውስጥ የተቋጠሩ ክሮች። ኖቬምበር 3 ቀን 1906 በቱቢንገን ለሙያ ባልደረቦቻቸው ሲያቀርቡ ጥያቄ ያነሳ አንድም ሰው አልነበረም። ክሬፕሊን በ1910 በመማሪያ መጽሐፋቸው በሽታውን በአልዛይመር ስም ጠሩት። ለምን እንደቸኮሉ የታሪክ ጸሐፍት ይከራከራሉ። ስያሜው ለረጅም ጊዜ በጎልማሳነታቸው ለሚታመሙ ሰዎች ብቻ ሲውል ቆይቶ፣ የአዛውንቶቹም መርሳት በአብዛኛው ይኸው በሽታ መሆኑ በስፋት ተቀባይነት ያገኘው በ1970ዎቹ ነው።

አጋጣሚ ሆኖ በዚያው በ1906 አውጉስት ፎን ቫሰርማንና ባልደረቦቻቸው ቂጥኝን በደም የሚለይ ምርመራ ይፋ አደረጉ። በ1913 የቂጥኝ ተህዋስ በሕሙማን አንጎል ውስጥ ታየ፤ በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን መድኃኒቱ ሆነ። አልዛይመር ካጠኗቸው ሁለት ሕመሞች አንዱ በደም መታወቅ ሲጀምር፣ ስማቸውን የያዘው ግን ታማሚው ሞቶ አንጎሉ ካልተመረመረ በእርግጠኝነት የማይለይ ሆኖ ለአሥርት ዓመታት ዘለቀ።

ሐኪሙ በ1912 በብሬስላው፣ በዛሬዋ የፖላንድ ቭሮትስዋፍ፣ ፕሮፌሰር ሆነው ሲሾሙ በጉዞ ላይ ታመሙ፤ ጤናቸውም ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ዲሴምበር 19 ቀን 1915 በ51 ዓመታቸው አረፉ። አውጉስተ ወደ መታከሚያው በገቡበት ዕድሜ ማለት ነው። የተቀበሩት በፍራንክፈርት ከባለቤታቸው አጠገብ ነው።

ክምችቱ የተሠራበት አሚሎይድ ቤታ የተባለው ፕሮቲን በ1984 ተለየ። የክሮቹ ምንጭ ታው የተባለው ፕሮቲን መሆኑም በዚሁ አሥርት ዓመት ታወቀ። ፕሮቲኖቹን በሕይወት ባለ ሰው ላይ ለማወቅ ከጀርባ አከርካሪ ፈሳሽ መቅዳት፣ ወይም ውድ የአንጎል ምስል ማንሳት ግድ ነበር። ወደ ደም የሚያልፈው መጠን እጅግ ጥቂት በመሆኑ ለመለካት ያስቻሉት መሣሪያዎች የመጡት በቅርብ ዓመታት ነው፤ በስዊድን ጎተንበርግ የሚገኙት ካይ ብሌኖቭና ሄንሪክ ዜተርበርግ በዚህ ዘርፍ ግንባር ቀደም ናቸው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለአልዛይመር በሽታ የመጀመሪያውን የደም ምርመራ የፈቀደው በሜይ 2025፣ ከቱቢንገኑ ጉባኤ ከ118 ዓመታት በኋላ ነው። ምርመራው የመርሳት ምልክት ለታየባቸው ሰዎች ብቻ የታሰበ ሲሆን ውጤቱም ከሌሎች ምርመራዎች ጋር ተገናዝቦ ይነበባል። ለምሳሌ የኩላሊት ሕመም ልኬቱን ሊያዛባ ይችላል።

ጉዳዩ ለመዲናዋ ነዋሪም ሩቅ አይደለም። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ካዛንቺስ፣ መንገድ የጠፋባቸውን አዛውንት መንደርተኛው እጃቸውን ይዞ ወደ ቤታቸው ይመልሳቸው ነበር። በ2017 ዓ.ም በኮሪደር ልማቱ በርካታ ነዋሪዎች ከአካባቢው ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ተዛውረዋል። መርሳት ለጀመረው ሰው አዲስ ሰፈርና አዲስ በር መልመድ እጅግ ከባድ በመሆኑ፣ ቤተሰቡ ሕመሙን ቀድሞ ማወቁ አዛውንቱን ለመጠበቅ ይረዳዋል። የአንጎል ምስል የሚያነሳው መሣሪያ ከየጤና ጣቢያው አይገኝም፤ ደም ግን በየትኛውም ጤና ጣቢያ ይቀዳል።

አዲሱ ምርመራ እስኪዳረስ ድረስም ከተለመደው የደም ምርመራ የሚገኝ ጥቅም አለ። የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ መድከምና አልዛይመር በወጣትነታቸው ያጠኑት ቂጥኝ መርሳትን ሊያስከትሉ ይችላሉ፤ ሦስቱም በደም ይታወቃሉ፣ ሦስቱም መድኃኒት አላቸው።